የኪስ ደብዳቤ

የእኔ መስኮት ቴምብር የሚሸጥበት ነበር፤ ቀጥሎ ያለው የሱ መስኮት ደግሞ የጠፋ ደብዳቤ የሚፈለግበት። ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። መሀላችን የቆመው የጣውላ ግድግዳ ከላይ ክፍት ስለነበር እሱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ፤ እኔ ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ ደግሞ እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ ይገስጸኛል። ከባሌ ጋር እንኳ ያን ያህል ሰዓት ተቀምጬ አላውቅም። ስለዚህ ስለሱ ለማውራት ከእኔ የተሻለ ሰው የለም፤ አለሁ የሚል ካለም ይምጣና ያውራ።

በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ለሁላችንም «ጋሽ ቁጥሩስ» ነው። ሰው መስኮቱ ላይ ተደፍቶ «ጋሼ፣ እህቴ ደብዳቤ ከላከችልኝ ሦስት ወር ሆናት፣ እስካሁን አልደረሰኝም» ሲለው ቀና እንኳ ሳይል «ቁጥሩስ?» ይላል። በአደራ የተላከ ደብዳቤ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም ላኪው እጅ በሚቀረው ደረሰኝ ላይ ተጽፏል። ቁጥር ላመጣለት ሰው ደብዳቤውን ከመሬት በታችም ቢሆን ያወጣለታል። ቅጹን በአራት ቅጂ ይሞላል፣ በመስመሩ ላይ ላሉት ፖስታ ቤቶች ሁሉ ይልካል፣ መልስ ያዘገየውን እየጻፈ ይነዘንዛል። ቁጥር ለሌለው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት፣ ልጇ ፎቶግራፉን የላከበት ደብዳቤ ጠፍቶባት መስኮቱ ሥር አለቀሰች። ደረሰኝ አልነበራትም። እሱ ያወጣውን ቅጽ መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ በግድግዳው ላይ አንገቴን አስግጌ «አንጀት የለህም እንዴ ጋሼ?» አልኩት።

«አንጀት አለኝ» አለ። «ቁጥር ግን የላትም።»

ይህን ደረቅ ሰው የምታለሰልሰው አንድ ልጁ ብቻ ነበረች። እናቷ የሞተችው ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው፤ እሱም ሌላ ሳያገባ ብቻውን አሳደጋት። «እማዬ» ነበር የሚላት። ከትምህርት ቤት በቀጥታ የምትመጣው እኛ ጋ ነው። ከወንበሩ አጠገብ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ጸጉሯን የሚጎነጉንላት ራሱ ነበር፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ተማሪው ግን አላኮራኝም። ጉንጉኑ ስለሚጣመም እሱ ዘወር ሲል ፈትቼ እንደገና እሠራላታለሁ። «እትዬ፣ እንዳያይ» ትለኛለች፤ እንዳይከፋው ነው። በዚያች ዕድሜዋ የአባቷን ሆድ ታውቅ ነበር።

ሃያ አንድ ዓመቷ ላይ፣ የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ሲቀራት፣ የከባድ መኪና ሹፌር ላገባ ነው፣ ጠረፍ ወዳለች ከተማም አብሬው እሄዳለሁ አለችው። ልጁን አውቀዋለሁ፤ አንድም ክፋት አልነበረበትም። ጥፋቱ እማዬን መውሰዱ ብቻ ነው። ጋሽ ቁጥሩስ እልህ ውስጥ ገባ። ሁለት ወር ሙሉ አኮረፋት፤ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ «ጨው አቀብይኝ» እንኳ አይላትም ነበር። በመሄጃዋ ቀን ሻንጣዋን ይዛ ልትሰናበተው መጣችና እንደማንኛውም ደንበኛ መስኮቱ ፊት ቆመች። እሱ ከወንበሩ አልተነሣም።

«ቤቴን እንዳትረግጪ» አላት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ግን አዳራሹ ሁሉ ጸጥ ብሎ ስለነበር ያልሰማ አልነበረም። «እኔ ሳልጽፍልሽም እንዳትጽፊልኝ። ስፈልግሽ እጽፍልሻለሁ።»

«እሺ አባዬ» አለች። «እጠብቃለሁ።»

በወሩ ይታረቃሉ ብዬ ለባሌ አወራሁለት። ምን አውቄ? ልጅቷ የእልኸኛ ልጅ እልኸኛ ናት፤ እጠብቃለሁ ካለች ትጠብቃለች። እሱም ጥርሱን ነክሶ አንድ ዓመት ከአራት ወር ቆየ። በመካከሉ አንድ ጊዜ ታሞ ልጠይቀው ቤቱ ሄጄ ነበር። የልጅቷ አልጋ ትናንት እንደተነሣችበት ተነጥፎ፣ የቤት ጫማዋ ሥሩ ተደርድሮ አየሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ቅጽ ባልሆነ ወረቀት ላይ ሲጽፍ አገኘሁት። ሲያየኝ ፈተና ላይ እንዳለ ተማሪ በክንዱ ሸፈነው።

«ለእማዬ ነው» አለ ሳልጠይቀው። «ትምጣ ብዬ።»

ደስታዬን ልደብቀው አልቻልኩም፤ ያን ቀን ለደንበኛ ሁሉ ስስቅ ዋልኩ።

እዚህ ላይ የኪስ ደብዳቤ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ከፖስታ ቤት ውጭ የሚያውቀው የለም። ደብዳቤ ከከተማ ከተማ የሚሄደው በሸራ ከረጢት ነው፤ አፉ ታስሮ ይታሸጋል። ከረጢቱ በጎኑ በኩል እንደ ሸሚዝ ኪስ በቁልፍ የምትዘጋ ትንሽ ኪስ አለችው። ድሮ የጭነቱ ዝርዝር የሚቀመጠው እሷ ውስጥ ነበር፤ ዝርዝሩ ወደ ከረጢቱ ሆድ ከገባ ወዲህ ግን ሥራ ፈትታለች። እኛ ሠራተኞቹ ሥራ ሰጠናት። የራሳችንን ደብዳቤ ያለ ቴምብር፣ ያለ መዝገብ እዚያ እንከተዋለን። ወዲያ ያለው ተቀባይ ማኅተሙን ከመስበሩ በፊት እጁን ወደ ኪሷ ይሰዳል፣ ያገኘውንም ለባለቤቱ በእጁ ያደርሳል። በየትኛውም ደንብ ላይ አልተጻፈም። አለቆቹም ያውቃሉ፤ እነሱም ይልኩባታል። አንዱ ሥራ ሲለቅ ለሚተካው በቃል ይነግረዋል፤ ለእኔም የነገረኝ ራሱ ጋሽ ቁጥሩስ ነው፣ በተቀጠርኩ በሳምንቴ። የኪስ ደብዳቤ ጠፍቶ አያውቅም እየተባለ ይወራ ነበር። ቢጠፋስ በምን ይታወቃል? ቁጥር የለው፣ ደረሰኝ የለው፣ የተላከበት ቀን የትም አልሰፈረ። ይህን ያሰብኩት ግን ከረፈደ በኋላ ነው።

የመጀመሪያዋን ደብዳቤ ቅዳሜ ጧት በጠረፉ መስመር ከረጢት ኪስ ውስጥ ራሱ ከተታት። ከረጢቱ እዚያ የሚደርሰው ማክሰኞ ነው። በዚያ ፖስታ ቤት ለብዙ ዓመት የሠራው አብሮ አደጉ ከጥቂት ወራት በፊት በሕመም ጡረታ ወጥቶ ሌላ ሰው ተተክቷል። የኪስ ነገር ግን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ስለሆነ ጋሽ ቁጥሩስን አላሳሰበውም። እኔንም አላሳሰበኝም፤ ሐሰት አልናገርም።

መልስ አልመጣም። ሁለተኛውን ጻፈ፣ ሦስተኛውን ጻፈ። ከጠረፍ የሚመጣው ደብዳቤ የሚገባው ዓርብ ስለሆነ ዓርብ ዓርብ ጢሙን ተላጭቶ ይመጣል። ከረጢቱ ሲራገፍ ሥራ ያለው መስሎ በሩ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ተመልሶ ይቀመጣል። መጀመሪያ ላይ ራሱ ምክንያት ይፈጥርላት ነበር፤ መንገዱ ተበላሽቷል፣ ሥራ በዝቶባታል፣ ድሮም ለመጻፍ ሰነፍ ነች። ስድስተኛው ላይ ባሏ ከልክሏት ነው አለ። ዘጠነኛው ላይ ምክንያት መፍጠሩን ተወ። እኔም «ዛሬም የለም?» ማለቱን ተውኩ፤ ፊቱ ይነግረኝ ነበርና።

አራተኛው ላይ ነበር የተጨቃጨቅነው።

«ቴምብር ለጥፍበት» አልኩት። «በአደራ ላከውና ቁጥር ያዝ። ለሰው ሁሉ የምትሰብከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ሠርቼ ቴምብር ልገዛ?»

«ከእኔ መግዛት ነውር ሆነ?»

«ነውሩ ያንቺ አይደለም» አለና ወደ ቅጾቹ ተመለሰ። የገባኝ ቆይቶ ነው። በአደራ ከላከው መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ መዝጋቢው ያነበዋል፣ ኃላፊው ይፈርምበታል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያባረራትን ልጅ በዚያው ሁሉ ሰው ፊት ሊለምናት አልቻለም። በከረጢቱ ኪስ ሲሄድ ግን ከእኔ በቀር የሚያይ የለም። ስልክ ደውል ብዬም ለምኜው ነበር። ያኔ ስልክ በየሰው እጅ አልነበረም፤ በዚያች ከተማ የምናውቀው ቁጥር የፖስታ ቤቱን ብቻ ነው። «ለማላውቀው ሰው ደውዬ ምን ልበል?» አለኝ። «ልጄ ደብዳቤዬን አንብባ ዝም አለችኝ ልበል? ዝም ማለቷ ራሱ መልስ ነው።» በየቀኑ ስንት መቶ ቴምብር በእጄ ያልፍ ነበር። አንዱን ምራቅ ቀብቼ ራሴ ብለጥፍበት ማን ይይዘኝ ነበር? ይህን ሳስብ ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል።

የጻፈውን አላነበብኩም። አንድ ቀን ብቻ በግድግዳው ላይ «አንቺ» ብሎ ጠራኝ። «ይቅርታ ካልኩ በኋላ ምን ይጨመራል?»

«ምንም» አልኩት። «ነይ በላትና ዝጋው።»

በሦስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ደብዳቤ ላከ። በጥጋቸው ላይ ከአንድ ጀምሮ ቁጥር ይጽፍባቸዋል፤ ልማድ አይለቅም። አሥራ ሁለተኛውን የጻፈው ከሰውነት ጎዳና ወጥቶ፣ ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ ነው። «የመጨረሻዬ ነው» አለኝ። «ከዚህ በኋላ አላስቸግራትም።»

ያን ቅዳሜ ጧት ከረጢቶቹ የሚታሸጉበት ክፍል ውስጥ አጠገቡ ቆሜ ነበር። የኪሷን ቁልፍ ፈታና ደብዳቤውን ሰደደ፤ አልገባ አለው። ጣቶቹን ከተተ።

«ማን ደግሞ ቀደመኝ?» እያለ ውስጥ ያለውን አወጣ። ጠርዙ የተበላ፣ ዕርጥበት ነክቶት ቀለሙ የፈሰሰ ፖስታ ነው። አገላብጦ አየው። የልጁ ስም፣ የራሱ የእጅ ጽሑፍ፣ ጥጉ ላይ ሰባት ቁጥር።

እዚያው ቆሞ፣ ሌላ ሰው ያጣውን ደብዳቤ እንደሚከታተል ሁሉ መንገዱን አንድ በአንድ አወጣው። ከረጢቱ ሙሉ ሆኖ ይሄዳል። እዚያ ያለው ሰው አፉን ከፍቶ ያፈሰዋል፤ ስለ ኪሷ የነገረው የለም። ባዶውን አጥፎ ከሌሎቹ ጋር አሥር አሥር አስሮ ይመልሰዋል። እኛ ደግሞ ኪስ የምንፈትሸው የሙሉ ከረጢት ነው፤ የባዶን ማን ይነካዋል? እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ይሄዳል። ደብዳቤው ልጁ ያለችበት ከተማ ስንት ጊዜ ደርሶ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ የሚቆጥረው የለም።

ባዶ ከረጢቶች ወደሚቆለሉበት ምድር ቤት ወረድን። የጠረፉ መስመር ከረጢቶች ቀይ ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ አርባ ያህል ይሆናሉ። እሱ ተንበርክኮ ጥቅል ይፈታል፣ እኔ ኪስ እየከፈትኩ እፈትሻለሁ። አቧራው ጉሮሯችንን ዘጋው። እስከ ምሳ ሰዓት ሰባተኛውን ጨምሮ ስምንት ደብዳቤ አገኘን፤ ሦስቱ መንገድ ላይ ናቸው ማለት ነው። የመጀመሪያዋን አይጥ በልቷት ግማሿ ቀርቷል። እሱ አላለቀሰም። ለሁለታችንም የሚበቃ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

«አታውቅም» ይል ነበር እየደጋገመ። «እማዬ አታውቅም።»

ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን ብቻ ቢሆን በገባኝ፤ ደስታም ነበረበት። ልጁ አልጨከነችበትማ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንጀቱን ሲበላው የኖረው ነገር በአንድ ጊዜ ወደቀለት። አሥራ ሁለተኛውን ደብዳቤ አራት ቦታ ቀደደው።

«እኔው ራሴ እሄዳለሁ» አለ። «ደብዳቤ በቃኝ።»

በሥራ ዘመኑ ፈቃድ ጠይቆ ስለማያውቅ ወረቀቱን የሞላሁለት እኔ ነኝ። እሑድ ማለዳ፣ ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ስምንቱን ደብዳቤ በወረቀት ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዞ አውቶቡስ ተሳፈረ። ልሸኘው ሄጄ ነበር። አውቶቡሱ እስኪነሣ እንደ ልጅ ሦስት ጊዜ «ስንት ሰዓት ሆነ?» አለኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን መስኮቴን ስከፍት በደንበኞች በኩል ቆሞ አገኘሁት። ጢሙ አድጓል፤ የተጠቀለሉት ደብዳቤዎች እንደያዛቸው ናቸው። «ግባ እንጂ ጋሼ» አልኩት፤ አልገባም። ከኋላው ወረፋ እየተሰለፈ እዚያው ቆሞ ነገረኝ።

ቤቷን ስለማያውቅ በቀጥታ የሄደው ወደ ፖስታ ቤቱ ነው። አንዲት ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሚዛን፣ ግድግዳውን የተጠጋ አንድ አግዳሚ ወንበር። የቀድሞው ሰው ሥራ ላይ እንዳለ ወድቆ አንደበቱ ተይዞ ኖሯል፤ ለተተኪው አንዲት ቃል ሳይነግረው ነው የተወሰደው። አዲሱ ከሌላ መሥሪያ ቤት የተዛወረ ጎልማሳ ነው፤ ሥራውን የተማረው ከደንቡ ነው፣ ደንቡ ደግሞ ስለ ኪስ አያወራም። ጋሽ ቁጥሩስ ሊያፈጥበት ተዘጋጅቶ ነበር የገባው። ሰውዬው ግን ስሙን ሲሰማ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀለት።

«የእሷ አባት ነዎት?» አለው። «በየማክሰኞው ትመጣ ነበር እኮ።»

መጀመሪያ ልጅ አዝላ ትመጣ ነበር፤ በኋላ ልጅቷ በእግሯ መሄድ ጀመረች። ጋሽ ቁጥሩስ አያት መሆኑን የሰማው በዚህ መንገድ ነው። ከረጢቱ እስኪከፈት አግዳሚው ላይ ትጠብቃለች። ሰውዬው ደብዳቤዎቹን ጠረጴዛው ላይ ያፈሳል፣ አንድ በአንድ ያነሣል፣ «የለም እህቴ» ይላታል። ትንሿ ልጅ ባዶው ከረጢት ላይ ቁጭ ብላ በከረጢቱ ኪስ ቁልፍ ትጫወት ነበር አለኝ፤ ይህን ሲነግረኝ የመስኮቴን ሽቦ ጨብጦ ያዘ።

ሰውዬው አንድ ማክሰኞ አሳዝናው «ምናልባት መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል፤ የፍለጋ ቅጽ ልሙላልሽ» ብሏት ነበር። ሳቀች።

«አባቴ እኮ የሰው የጠፋ ደብዳቤ የሚፈልግ ነው» አለችው። «የሱ አይጠፋም። አልጻፈልኝም ማለት ነው።»

ጋሽ ቁጥሩስ ከመድረሱ ከአርባ ቀን በፊት፣ ከረጢት በማይመጣበት በሐሙስ ቀን ብቻዋን መጣች። ባሏ ከድንበሩ ማዶ ሥራ አግኝቷል፤ ዕቃቸው ተጭኖ መኪናው ደጅ ቆሟል። ሰውዬው ደብዳቤ ቢመጣ እንዲያስተላልፍላት የአድራሻ መለወጫ ወረቀት አቀረበላት። እስክሪብቶውን ይዛ ትንሽ ቆየችና መለሰችለት። «የሚጽፍልኝ የለም» አለችው። ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ አልተገኘም። አባቷ ሳምንት ሙሉ ጎረቤቱን ሁሉ ጠየቀ፣ መናኸሪያ እየቆመ ሹፌሩን ሁሉ ጠየቀ። ከድንበሩ ወዲያ ሦስት መንገድ አለ፤ ወደ ሦስት የተለያየ አገር ይወስዳል።

«አንድ ቀን ትጽፍ ይሆናል» አልኩት። ምን ልበል?

ዓይኑ የሱ መስኮት ላይ ነበር፤ እሱ በሌለበት የመጡት ቅጾች ጠረጴዛው ላይ ተቆልለዋል።

«ቅጹን አስሞልታ ቢሆን ኖሮ» አለ፣ «ከየትም ይሞላ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ስሟን አየው ነበር። በሳምንቱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አየው ነበር።» ጥቅሉን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። «ስላመነችኝ ነው ያላስሞላችው።»

ከኋላው ያለው ሰው ለሁለት ደብዳቤ የሚሆን ቴምብር ስጪኝ አለኝ። ጋሽ ቁጥሩስ ፈቀቅ አለለት፤ እኔም ሸጥኩለት።